አልፋው ተኩላና የግቢያችን ውሻ

ውሻ ላሳድግ ብሎ የተነሳ ሰው ሁሉ ከጎረቤትም ከወዳጅም የምትደርሰው አንዲት ምክር አለች፤ «አለቃው ማን እንደሆነ ከመጀመሪያው ቀን አሳየው!» የምትል። ቡችላው ጫማ ነከሰ? ተጫነው። አጥንት ሲግጥ አጉረመረመ? ቅመሰው በለው። አለበለዚያ ንቆህ ቤቱን ይወርሳል ይባላል። ምክሪቱ ከድሮ የወረስናት ልማድ ብቻ ብትሆን ኖሮ ባልገረመኝም። የሚገርመው ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል በሳይንስ ስም ስትነገር መኖሯ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በ1947 ሩዶልፍ ሼንክል የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ተመራማሪ፣ በባዝል ከተማ የአራዊት ማቆያ ውስጥ ስለነበሩ ተኩላዎች አንድ ጥናት አሳተመ። እስከ አሥር የሚደርሱት ተኩላዎች 10 በ20 ሜትር በሆነች አጥር ውስጥ ታጉረው ነበር። ሰውዬው ያየውን ነው የጻፈው፤ ተኩላዎቹ ለበላይነት ይናከሳሉ፤ ያሸነፈው ወንድና ያሸነፈችው ሴት ከላይ ይሆናሉ፤ የተቀረው ጅራቱን በእግሮቹ መሀል ወሽቆ ይገብራል። «አልፋ» የምትለዋ ቃል ከዚህ ተነስታ ዓለምን ዞረች።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር ለተማሪዎቼ የማልሰለቸው አንድ ማሳሰቢያ ነበረኝ። ቃልን ከዐውዱ ነጥላችሁ ከወሰዳችሁት፣ ደራሲው ያላለውን ታስብሉታላችሁ እላቸው ነበር። የተኩላዎቹ ዐውድ አጥሩ ነበር። አንባቢዎቹ ግን አጥሩን ረስተው ጠቡን ብቻ ያዙ። ቀጥሎ ያለው እርምጃ ቀላል ሆነ፤ ውሻ የተኩላ ዘር ነው፣ ተኩላ በአልፋ ይገዛል፣ ስለዚህ የውሻው ባለቤት አልፋ መሆን አለበት!

ይህን ሐሳብ ካስፋፉት መካከል መነኮሳት መኖራቸው የታሪኩ ሌላ ገጽታ ነው። በአሜሪካ ኒውዮርክ ግዛት የሚገኙት የኒው ስኬቴ መነኮሳት ጀርመን ሼፐርድ ያረባሉ። የገዳማቸው ስም እኛ አስቄጥስ ከምንለው ከጥንቱ የግብፅ ምድረ በዳ የተወሰደ ነው። በ1978 ባወጡት ዝነኛ መጽሐፍ፣ ያጠፋ ውሻ በጀርባው ተገልብጦ መሬት ላይ እንዲያዝ መከሩ። በ2002 በወጣው የታደሰ እትም ግን ይህን ዘዴ ከእንግዲህ እንደማይመክሩ ገለጹ።

ትልቁ እርማት የመጣው ከአሜሪካዊው የተኩላ ተመራማሪ ከዴቪድ ሜች ነው። ሜች በ1970 ባሳተመው መጽሐፍ «አልፋ»ን ይበልጥ ያስተዋወቀ ሰው ነው። ከ1986 ጀምሮ ግን በካናዳ ሰሜናዊ ጫፍ፣ በኤልስሚር ደሴት፣ በረዶው በሚቀልጥባቸው ወራት ነፃ የሆኑ ተኩላዎችን በቅርብ ይከታተል ገባ። ያየው ቤተሰብ ነበር፤ አባት፣ እናት፣ የዘንድሮና የቀደሙት ዓመታት ልጆች። መሪዎቹ ተጋድለው ሥልጣን የያዙ ሳይሆኑ ወልደው ያሳደጉ ወላጆች ናቸው። ይህን በ1999 ጽፎ አሳተመ። የገዛ መጽሐፉ መታተሙ እንዲቆምም አሳታሚውን ወተወተ፤ የቆመው በ2022 ነው። የራሱን መጽሐፍ ከገበያ ለማስወጣት የሚለምን ደራሲ ስንት አይታችኋል?

በሌላ ወገን ደግሞ ስለ አለቃና ሎሌ ምንም የማይጠይቅ ሳይንስ ሲያድግ ቆይቷል። ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1898 ድመቶችን በሳጥን ዘግቶ፣ መውጫውን እንዴት እንደሚማሩ አጠና። ደስ የሚያሰኝ ውጤት ያስገኘ ድርጊት ይደገማል፤ የማያስገኘው ይቀራል። እኛስ «ውሻ በበላበት ይጮኻል» እንል የለ? ተረቱን ለሆዳም ሰው መዝለፊያ አደረግነው እንጂ ሕጉስ በእጃችን ነበር።

የቢ. ኤፍ. ስኪነር ተማሪዎች የነበሩት ባልና ሚስት፣ ኬለርና ማሪያን ብሬላንድ፣ ይህን ዕውቀት ከቤተ ሙከራ አውጥተው በ1940ዎቹ በሥራ ላይ አዋሉት። ብዙ ዓይነት እንስሳትን በሽልማት አሠለጠኑ። በ1961 ግን የዘዴው ወሰን የት ላይ እንደሆነ ራሳቸው ጻፉ። ሳንቲም ከሳጥን እንዲጨምር ያስተማሩት ራኩን የተባለ አውሬ፣ ምግቡን እንደሚያሻሽ ሳንቲሞቹን ያሻሽ ጀመር እንጂ አልለቅም አለ። ሽልማትም ቢሆን የእንስሳውን ተፈጥሮ አይሽርም ማለት ነው።

ዱላውስ ምን አተረፈ? በ2009 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት፣ ውሻቸውን ለጠባይ ችግር ወደ ክሊኒክ ያመጡ 140 ባለቤቶችን ጠይቋል። መትተው ወይም ረግጠው ከቀጡት መካከል 43 በመቶው፣ በጀርባው ገልብጠው ከያዙት ደግሞ 31 በመቶው፣ ውሻው መልሶ ለጥቃት እንደተነሳባቸው ተናግረዋል። የፈራ እንስሳ ጥርሱን ያሳያል፤ ይኸው ነው።

ወደ አዲስ አበባ ግቢዎች ልመለስ። ብዙው የጥበቃ ውሻ ቀኑን በአጭር ሰንሰለት ታስሮ፣ የሚያየው በርና አጥር ብቻ ሆኖ ይውላል። ልጅ ሲያልፍ ይዘላል፤ እንግዳ ሲመጣ ይንቀጠቀጣል። እኛም «ተፈጥሮው ክፉ ነው» እንላለን። ይህ እኮ የባዝሉ አጥር ታሪክ መደገም ነው፤ የእስራቱን ጠባይ የፍጥረቱ ጠባይ አድርጎ ማንበብ።

የተማርነው ነገር ውድ መሣሪያ አይጠይቅም። ሲታዘዝ ያኔውኑ፣ ሳይቆይ፣ ቁራሽ መስጠት። ማጉረምረሙን አለመቅጣት፤ ከንክሻ በፊት የሚሰጠን ማስጠንቀቂያ እሱ ነውና፣ ያን ያጠፋንበት ዕለት ሳይናገር ይነክሳል። በቀን አንድ ጊዜ ፈትቶ ማንሸራሸር፣ ከቡችላነቱም ከሰው ጋር ማላመድ። እርግጥ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱን ሳይረሱ ነው። ይህን ሁሉ ለማድረግ አልፋ መሆን አያስፈልግም። የኤልስሚር ተኩላዎች ልጆቻቸውን ሲያሳድጉ እንዳደረጉት፣ ማብላት፣ መጠበቅና ማሳየት ይበቃል።