የደም ቧንቧ መደደር ስንት ዓመት ላይ ይጀምራል?



የልብ ደም ቧንቧ መደደርና መጥበብ የአዛውንት በሽታ ብቻ ይመስላችኋል? ድሮ ብዙ ሐኪሞችም እንዲሁ ያስቡ ነበር።

የእኛም ቃኘው ሻለቃ በዘመተበት የኮሪያ ጦርነት የሞቱ 300 አሜሪካውያን ወታደሮችን ልብ የጦሩ ሐኪሞች መረመሩ። አማካይ ዕድሜያቸው 22 ዓመት ነበር። በ1953 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት አስደነገጠ፤ ከ100ው በ77ቱ ላይ በሽታው ጀምሯል። አንዳንዶቹ ላይ ገና ትንሽ ውፍረት ነው፤ ሌሎቹ ላይ ግን ዋና ቧንቧ ጭራሽ ተዘግቷል። በሕይወት ሳሉ አንዳቸውም የልብ ሕመም ምልክት አልታየባቸውም!

ኮሌስትሮል በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ ቀስ እያለ ይጠራቀማል፤ ግድግዳው ይወፍራል፣ ይደድራል፣ መተላለፊያው ይጠባል። ብዙ እስኪጠብ ድረስ አያምም።

በ1948 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የፍራሚንግሃም ጥናት ደግሞ 5,209 ሰዎችን ለዓመታት ተከታትሎ አባባሾቹን ለየልን፦ ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮል፣ ሲጋራ፣ ስኳር።

ከ2001 እስከ 2011 እ.ኤ.አ. በሞቱ 3,832 አሜሪካውያን ወታደሮች ላይ በሽታው የተገኘው በ8.5 በመቶው ብቻ ነው። የሁለቱ ጥናቶች አሠራር አንድ ባይሆንም፣ የሲጋራ አጫሾች መቀነስና የግፊት ሕክምና ድርሻ እንዳላቸው ይታመናል።

ስለዚህ ልጆች ባሉበት አታጭሱ፤ ጨውና የሚረጋ ዘይት ቀንሱ፤ ግፊታችሁን ተለኩ። የግፊት ወይም የኮሌስትሮል መድኃኒት የጀመራችሁ፣ «ምንም አያመኝም» ብላችሁ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ። ዳገት ስትወጡ ደረታችሁን ጨምድዶ የሚይዛችሁ ከሆነ ሳትዘገዩ ታዩ፤ አርፋችሁም ካልተወ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።