«ተረት ተረት» ያልተባለለት ልቦለድ

በነቀምቴ ከተማ በከኒሳ ቀሴ የሚባል ሰፈር አለ። በከኒሳ በኦሮምኛ የብሳና ዛፍ መጠሪያ ነው። በዚያ ሰፈር የሚኖር አንድ የአማርኛ መምህር ያጫወተኝ ነገር ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆነኝ። ተማሪዎቹ የዓለማየሁ ዋሴን «እመጓ» እየተቀባበሉ አንብበው ከጨረሱ በኋላ ስለ ድርሰቱ አወቃቀርም ሆነ ስለ ቋንቋው አንድም ነገር አልጠየቁትም። የጠየቁት «መምህር፣ ቦታው በእርግጥ አለ ወይ?» ብለው ነው። እርሱም እመጓ ዑራኤል በመንዝ ምድር የሚገኝ እውነተኛ ሥፍራ መሆኑን ነገራቸው። ከተማሪዎቹ አንዱ ቀበል አድርጎ «እንግዲያው የቀረውም እውነት ነዋ!» አለ። መምህሩ ለዚህ የሚሆን መልስ ወዲያው ሊያገኝ አልቻለም።

ይህ ተማሪ እንደ ሞኝ መቆጠር የለበትም። ጥያቄው የራሱ ታሪክ ያለው ጥያቄ ነውና። ምሥጢርን፣ መንፈስን፣ ከተማንና ፍቅርን አንድ ላይ የሚያዋሕድ ልቦለድ በአገራችን ሲታተም አንባብያን እንደምን ይቀበሉታል? ሐያስያን ባብዛኛው ድርሰቱን ይመዝናሉ እንጂ አንባቢውን አይጠይቁም። እኔ ደግሞ ዛሬ ማየት የምሻው አንባቢውን ነው።

በወለጋ፣ እንደ ሌላውም ያገራችን ክፍል፣ ተረት የራሱ ሰዓትና የራሱ በር ነበረው። ሰዓቱ ማታ ነው፤ ከብት ከገባ፣ እሳት ከተለኮሰ በኋላ። በኦሮምኛ «ኦዱ ዱሪ» የሚባለው የጥንት ወሬና «ሂቦ» የሚባለው እንቆቅልሽ የሚነገሩት በዚያ ሰዓት ነው። በአማርኛም ተራቹ «ተረት ተረት» ሲል አድማጩ «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል። ይህ ቅብብሎሽ ለጨዋታ ማሟሻ ብቻ የተፈጠረ አይመስለኝም። ውል ነው። አድማጩ በዚያች አንዲት መልስ፣ ከዚህ በኋላ ጦጣ ብትናገር፣ ዝንጀሮ ሸንጎ ቢቀመጥ፣ «ዋሸኸኝ» ብሎ ላይከስ ይስማማል። ተረቱ ሲያበቃም መዝጊያ ቃል አለው፤ በሩ ይዘጋል፣ ሰውም ወደ መኝታው ይሄዳል።

ነገር ግን በዚያው እሳት ዳር ያለዚህ ውል የሚነገር ሌላ ወሬ አለ። የአያና፣ የቃሉ፣ የዛርና የቡዳ ወሬ ማለቴ ነው። ሔዋን ሠላሳ ልጆች ወልዳ ሳለ ከመካከላቸው እጅግ ውብ የሆኑትን 15ቱን ከፈጣሪ ዓይን ብትደብቃቸው ተሰውረው እንዲቀሩ ተፈረደባቸው፤ ዛሮችም ከእነርሱ ተወለዱ ይባላል። ይህን «ተረት ተረት» ብሎ የሚጀምረው ሰው የለም። የሚነገረው እንደ ትውልድ ሐረግ ነው። ዛሩ ውብ ሴት አይቶ ይወድዳታል፤ ይሰፍርባታል፤ እርስዋም «ፈረሱ» ትሆናለች። ቀይ ልብስ፣ ሽቶና ቡና ይጠይቃል፤ ባልዋም የሚታይም የማይታይም ባላንጣ ይመጣበታል። የፈረንጅ አሳታሚዎች ዛሬ በየመደርደሪያው የሚሸጡት «የመንፈስና የሰው ፍቅር» የሚባለው ልቦለድ እኛ ዘንድ ሳይጻፍ በየቤቱ ሲኖር ኖሯል።

ፈረንሳዊው ጸሐፊ ሚሼል ሌሪስ በ1932 (እ.ኤ.አ.) ጎንደር ተቀምጦ የዛር ባለቤቶችን ሥርዓት ከተከታተለ በኋላ በ1958 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው መጽሐፉ ነገሩን ከቲያትር ጋር አስተያይቶታል። ተዋንያኑ ግን የሚጫወቱት ሳይሆን የሚኖሩት ቲያትር ነው ብሎ ያምናል። አስተያየቱ ብዙ ያስረዳል፤ ሆኖም እርሱም ቢሆን የተመልካቹን ነገር ጠለቅ ብሎ አልሄደበትም። በሚኖሩት ቲያትር ውስጥ ተመልካች የሚባል አለን? ሁሉም በመድረኩ ላይ አይደለምን?

ከአፍ ወደ ወረቀት የተደረገው ጉዞ በወለጋ የራሱ ባለታሪኮች አሉት። አስቴር ጋኖ በልጅነቷ ለባርነት ተዳርጋ፣ በ1886 (እ.ኤ.አ.) በባሕር ላይ በኢጣሊያ መርከብ ነፃ ከወጣች በኋላ በምጽዋ አጠገብ በእምኩሉ የስዊድን ሚስዮን ትምህርት ቤት አደገች። ከልጅነቷ በቃሏ የያዘቻቸውንና የሰበሰበቻቸውን ወደ 500 የሚጠጉ የኦሮሞ ተረቶች፣ ምሳሌያዊ አነጋገሮች፣ እንቆቅልሾችና ዘፈኖች ጻፈቻቸው። ብዙዎቹም ከአናሲሞስ ነሲብ ጋር ባዘጋጀችውና በ1894 (እ.ኤ.አ.) በግዕዝ ፊደል በታተመው የኦሮምኛ የንባብ መማሪያ ገቡ። በ1904 (እ.ኤ.አ.) ሁለቱም ወደ ነቀምቴ መጡ። እሳት ዳር የሰማውን ወሬ በታተመ ገጽ ላይ ያገኘው የመጀመሪያው የነቀምቴ ልጅ ምን ተሰማው? ማንም አልጠየቀውም። የመጽሐፉ ዓላማ ግን ግልጽ ነበር፤ ፊደል ማስቆጠሪያ ስለ ነበር ጦጣይቱ በዚያ የምትናገረው ተማሪው ፊደል እንዲለይ ነው። አናሲሞስ በ1906 (እ.ኤ.አ.) በቀሳውስት ተከስሶ አዲስ አበባ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ፤ ወደ ነቀምቴ ቢመለስም ስብከቱ ተከለከለ። የተከሰሰው በሃይማኖት ነው እንጂ በተረት አይደለም። ተረትን የሚከስስ አልነበረም፤ ውሉ ይጠብቀው ነበርና።

በአማርኛ በኩል የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ድርሰት በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ሲታተም በሽፋኑ የወጣው ቃል «ልብ ወለድ ታሪክ» የሚል ነበር። ዛሬ ብዙዎቻችን የምናውቀው «ጦቢያ» በሚለው ስሙ ነው። የወንድ ልብስ የለበሰችን ልጃገረድ ወንድ መስላት የምትወድድ ልዕልት በዚያ ትገኛለች። እኔን ግን ከታሪኩ ይልቅ የሽፋኑ ቃል ይገርመኛል። «ልብ የወለደው» ማለት እኮ «ተረት ተረት» ማለት ነው! አዲስ በር ነበር። ኋላ ቃሉ በአፍ ሲመላለስ «ልቦለድ» ሆኖ ተጨማደደ፤ ልቡም መውለዱም ጠፍቶ የመጽሐፍ ዓይነት ስም ብቻ ሆኖ ቀረ። በሌላ ወገን ደግሞ «መጽሐፍ» የሚለው ቃል ለብዙ ዘመን ቅዱስ መጽሐፍን ያመለክት ነበር፤ «መጽሐፍ እንዲህ ይላል» ከተባለ ክርክር ያበቃል። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በኦሮምኛም ጭምር እየተሰጠ እጅግ ብዙ አዲስ አንባቢ ሲያፈራ፣ አዲሱ አንባቢ ለታተመ ቃል የነበረውን ይህን አክብሮት ይዞ ነው የመጣው።

ይሁን እንጂ አንባቢው ሁልጊዜ ይሳሳታል ማለት አይደለም። የአቤ ጉበኛ «አልወለድም» በ1955 ዓ.ም. ሲወጣ በማሕፀን ያለ ፅንስ አልወለድም ብሎ ይከራከር ነበር። ፅንስ ይናገራል ወይ ብሎ የተከራከረ አንባቢ አልገጠመኝም። ሁሉም የሚናገረው ማን እንደሆነና ስለ ማን እንደሆነ ያውቅ ነበር። ከሁሉም በላይ በጥንቃቄ ያነበበው ሳንሱር ሳይሆን አይቀርም፤ መጽሐፉን አግዶታልና። እንግዲህ ምናብ ከእውነት እጅግ ሲርቅ አንባቢው ፈጽሞ አይታለልም።

የሚታለለው ቅርብ ሲሆን ነው። በ1958 ዓ.ም. የታተመው የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» መንፈስ አይታይበትም፤ ግን በዛብህ የስእለት ልጅ በመሆኑ በፍቅሩና በእናት አባቱ ስእለት መካከል ይጨነቃል። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ በተረከው ጊዜ ሰብለ ወንጌልና ጉዱ ካሳ በየቤቱ እንደ ዘመድ ተነሡ። በወለጋም ሬዲዮ ባለበት ቤት ጎረቤት ይሰበሰብ ነበር። እነዚያ አድማጮች ሰብለ እንዳልኖረች ያውቃሉ፤ ያለቅሱ ነበር። ይህ የጤናማ አንባቢ ልቅሶ ነው።

አሁን ወደ ይስማዕከ ወርቁ እንምጣ። «ዴርቶጋዳ» በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ ለአማርኛ መጻሕፍት ገበያ እንግዳ ነገር ሆነ። የጣናን ገዳማት ከረቀቀ ሳይንስ፣ ስለላን ከፍቅር ያጋጨው ይህ ድርሰት ደጋግሞ ታተመ፤ «ራማቶሓራ»ም ተከተለው። ሐያስያን ገሚሱ ከፈረንጅ የምሥጢር ልቦለዶች ጋር እያስተያዩ ነቀፉት፤ ገሚሱም ወጣቱን ወደ ንባብ መለሰው ብለው አመሰገኑት። እኔ በሁለቱም ወገን አልቆምም። ዐረፍተ ነገሩ አንዳንድ ቦታ ይቸኩላል፤ ግን አውቶቡስ ላይ ቆሞ የሚያነብ ሰው ያየሁት በዚያ ዘመን ነው። አንባቢው ግን ስለ ዐረፍተ ነገሩ ምን ተዳው! «ከጣና ሥር ያለው ነገር እውነት ነው?» ይል ነበር። «እመጓ» በ2007 ዓ.ም. ሲመጣ ደግሞ አንባቢው በጥያቄ ብቻ አልተወሰነም፤ ሥፍራውን ሊያይ ጓዙን ይዞ ተነሣ፤ በመጽሐፉ ሰበብ ወደ እመጓ የሚጓዘው ሰው መብዛቱ በስፋት ተነገረ።

ይህ የእኛ አንባቢ ብቻ ጠባይ እንዳይመስለን። አሜሪካዊቷ ስቴፈኒ ማየር በ2005 (እ.ኤ.አ.) «ትዋይላይት»ን ስታሳትም ታሪኩ የሚፈጸመው በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት በምትገኘው ፎርክስ በምትባል ትንሽ የእንጨት ቆራጮች ከተማ ነበር። ደም መጣጩን ኤድዋርድንና ወደ ተኩላ የሚለወጠውን ጄኮብን የሚደግፉ አንባብያን በሁለት ጎራ ተከፍለው ከተከራከሩ በኋላ ብዙዎቹ ተሳፍረው ፎርክስ ገቡ። ዝናብ እንጂ ደም መጣጭ አላገኙም፤ ደስ ብሏቸው ግን ተመለሱ። ቦታውን ማየት ያስደስታቸዋል እንጂ ፎርክስ ውስጥ ተኩላ ነው ተብሎ የሚጠረጠር ጎረቤት የላቸውም።

እኛ ግን አለን። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። በእኛ አገር ሌሊት ወደ ጅብ ይለወጣል የሚባለው የልቦለድ ጀግና ሳይሆን ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው ነው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት መባቻ በትግራይ የኖረው እንግሊዛዊ ናትናኤል ፒርስ ቀጥቃጮች ወደ ጅብ ስለ መለወጣቸውና በጆሮው ጉትቻ ስለ ተገኘበት ጅብ የሚወራውን ጽፎ ለአውሮፓ አንባቢ አቀረበ። ለዚያ አንባቢ አስደናቂ የጉዞ ወሬ ነበር፤ ለባለእጁ ግን የጋብቻ ክልከላ፣ የማዕድ መለየት፣ አንዳንዴም ዱላ ነበር። ቤተ እስራኤልም በዚሁ ስም ብዙ ተጎድተዋል። በወለጋም «ቱምቱ» የሚባለው ቀጥቃጭና «ፋቂ» የሚባለው ቆዳ ሠሪ ማረሻውና ጫማው እየተፈለገ እርሱ ግን ሲገለል ኖሯል።

ስለዚህ አንድ ደራሲ ነገ ተነሥቶ በነቀምቴ አስፋልት ላይ የሚሄድ፣ በቀን የሚያፈቅር በሌሊት ጅብ የሚሆን ጎልማሳ ቢፈጥርልን፣ ፈረንጁ አንባቢ «የትኛውን ትመርጫለሽ?» ብሎ የሚጫወትበት ነገር እኛ ዘንድ ጨዋታ ብቻ ሆኖ አይቀርም። «ቦታው አለ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ወደ «ሰውየው ማነው?» ይዞራል። ደራሲ አይጻፍ ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም እስከ ዛሬ አለመጻፉ ያስቆጨኛል። ዛሩም ጅቡም ከማንም ሳንበደር በእጃችን ያለ ሀብት ናቸው። ግን በሩን ማን ይሠራለታል? «ልብ ወለድ» የሚለውን ቃል በሽፋን ላይ በትንሽ ፊደል ማተም አንባቢው ከእሳት ዳር ከለመደው ውል ጋር አይተካከልም። ውሉ በድርሰቱ ውስጥ፣ በአተራረኩ ድምፅ መገኘት አለበት፤ አቤ ጉበኛ ፅንሱን ሲያናግር እንዳደረገው።

ይህንን ሁሉ ለበከኒሳ ቀሴው መምህር ብነግረው ሳቅ ብሎ የራሱን ዘዴ አጫወተኝ። በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ተማሪዎቹን በየቤታቸው ስለ ጅብና ስለ ቀጥቃጭ የሚወራውን ጽፈው እንዲያመጡ አዘዛቸው። ተነበበ፤ ተሳቀ፤ አንዳንዱም በእጅጉ ያስፈራ ነበር። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ግን ወረቀቷ ባዶ ነበር። ምነው ሳትጽፊ ቀረሽ ቢላት ብድግ ብላ «አያቴ ቀጥቃጭ ነበሩ» አለች። «ሌሊት የትም ወጥተው አያውቁም፤ ወገባቸውን ያማቸው ነበር።»