የጤና መረጃ ቴክኖሎጂ በምሥራቅ አፍሪካ፦ ከወረቀት መዝገብ እስከ ዲጂታል ሥርዓት

የጤና መረጃ ሥርዓት የታካሚዎችን ሕመም፣ የተሰጣቸውን አገልግሎት እና የመድኃኒት ክምችትን መዝግቦ ለውሳኔ የሚያቀርብ አሠራር ነው። በወረቀት ሲከናወን ትልቁ ችግሩ መዘግየት ነው። በገጠር ጤና ኬላ የተመዘገበ የወባ ታማሚዎች ቁጥር በየደረጃው እየተደመረ ዋና ከተማ እስኪደርስ ሳምንታት ሊያልፉ ይችላሉ። ወረርሽኝ ግን ሪፖርት እስኪደርስ አይጠብቅም።

ይህን ክፍተት ለመሙላት በአፍሪካ በስፋት የሚያገለግለው ‘ዲኤችአይኤስ 2’ የተሰኘው ሶፍትዌር ነው። መነሻው ከአፓርታይድ ማብቃት ጋር ተያይዞ በ1990ዎቹ በደቡብ አፍሪካ የተጀመረ ሥራ ሲሆን፣ ልማቱን የሚያስተባብረው የኖርዌዩ ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ነው። ኬንያ እአአ በ2011 በመላ አገሪቱ ሥራ ላይ አውላዋለች። ኡጋንዳ፣ ሩዋንዳ፣ ታንዛኒያ እና ኢትዮጵያም ይጠቀሙበታል።

የድምር ቁጥር የበሽታውን ስርጭት ያሳያል እንጂ የአንድን ታካሚ ታሪክ አይናገርም። ለዚህ የግለሰብ የሕክምና መዝገብ ያስፈልጋል። እአአ በ2004 የተጀመረው ‘ኦፕንኤምአርኤስ’ የተወጠነው በምዕራብ ኬንያ ኤልዶሬት ከነበረ የኤችአይቪ ሕክምና ፍላጎት ተነስቶ ነው። የኤችአይቪ መድኃኒት ዕድሜ ልክ የሚወሰድ በመሆኑ፣ ቀጠሮ ያለፈበትን ታካሚ በጊዜ ማወቅ ሕይወት ያድናል።

በኢትዮጵያ እአአ በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን መርሐ ግብር የእያንዳንዱን ቤተሰብ መረጃ በወረቀት ማኅደር ይይዝ ነበር። አሁን ይህ መዝገብ በተወሰኑ ቦታዎች ወደ ታብሌት እየተዛወረ ነው። መተግበሪያው ያለ ኢንተርኔት መረጃ ተቀብሎ ግንኙነት ሲገኝ ያስተላልፋል።

ይሁን እንጂ መሣሪያ መግዛት ብቻውን ሥርዓት አይገነባም። ኤሌክትሪክ በሚቆራረጥበት ስፍራ ወረቀቱ ሙሉ በሙሉ ስለማይቀር፣ ባለሙያዋ አንዱን መረጃ ሁለት ጊዜ ለመመዝገብ ትገደዳለች፤ ለታካሚ የሚውለው ጊዜም ያንሳል። የተለያዩ ሶፍትዌሮች መረጃ መለዋወጥ ካልቻሉ ደግሞ ታካሚው ሆስፒታል በቀየረ ቁጥር ታሪኩን እንደገና ለመንገር ይዳረጋል።

ምስጢራዊነትም ሌላው ጉዳይ ነው። የኤችአይቪ ምርመራ ውጤት ከእጅ ካመለጠ መልሶ መሰብሰብ አይቻልም። ኬንያ እአአ በ2019፣ ኢትዮጵያ ደግሞ በ2024 የግል መረጃ ጥበቃ ሕግ አውጥተዋል።

የሥርዓቱ ጥቅም የሚለካው ወደ ላይ በተላከው ሪፖርት ብዛት አይደለም። የወባ ቁጥር መጨመሩን ያሳወቀው ጤና ኬላ መድኃኒቱን በወቅቱ ካላገኘ፣ መረጃው ፈጥኖ መድረሱ ለታማሚው ያመጣው ለውጥ የለም።