ሳይቃጠል በቅጠል፦ የዳታቤዝ ስህተት መቼ ይያዝ?

ባንክ ወለድ ሲያሰላ፣ መሥሪያ ቤት ደመወዝ ሲከፍል፣ ስሌቱን ብዙ ጊዜ የሚሠራው ዳታቤዙ ውስጥ የተቀመጠ አጭር ፕሮግራም ነው። ባለሙያዎች ፋንክሽን ይሉታል። ታዲያ ፋንክሽኑ ስህተት ካለበት መታወቅ ያለበት ሲፈጠር ነው ወይስ ሥራ ላይ ሲውል? የዳታቤዝ ሠሪዎች ለዚህ ጥያቄ የሰጡት መልስ አንድ አይደለም።

ኦራክል እ.ኤ.አ. በ1992 በወጣው 7ኛ እትሙ ጥብቅ መንገድ መረጠ። ፋንክሽኑ ሲፈጠር ይመረመራል፤ የሌለ ሰንጠረዥ ከጠራ፣ ቢቀመጥም «የማይሠራ» የሚል ምልክት ይለጠፍበታል። ማይክሮሶፍት በ1998 ባወጣው ኤስኪውኤል ሰርቨር 7.0 ላላ አደረገው። የአጻጻፍ ስህተት ወዲያው ይያዛል፤ ሰንጠረዡ መኖር አለመኖሩ ግን የሚጣራው በሥራ ሰዓት ነው።

ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ የተወለደው ፖስትግሬስኪውኤል ከሁሉም ቸልተኛ ነበር። ፒኤል/ፒጂኤስኪውኤል በተባለው የራሱ ቋንቋ የተጻፈን ፋንክሽን እንደ ተራ ጽሑፍ ተቀብሎ ያስቀምጥ ነበር። በ2005 የወጣው 8.0 እትም ቀላል የአጻጻፍ ምርመራ ጨመረ። ዛሬም ቢሆን በዚህ ቋንቋ የተሳሳተ የዓምድ ስም ያለበት መስመር በሰላም ያልፋል። መስመሩ የሚሠራው በዓመት አንዴ፣ በሒሳብ መዝጊያ ብቻ ከሆነ፣ ስህተቱም ዓመት ይተኛል።

ቸልታው ያለ ምክንያት አልመጣም። አንዳንድ ፋንክሽን የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ሰንጠረዥ የሚፈጥረው ራሱ ነው፤ አስቀድሞ ቢፈለግ አይገኝም። የመጠባበቂያ ቅጂ ሲመለስም ፋንክሽኑ ከሰንጠረዡ ቀድሞ ሊመጣ ይችላል። ስለዚህ የፖስትግሬስኪውኤል የቅጂ መሣሪያ ምርመራውን ሆን ብሎ ያጠፋዋል። ጥብቅ ቁጥጥር ጤነኛውንም ፋንክሽን ሊያግድ ይችል ነበር።

መፍትሔው ቀስ በቀስ መጣ። ቼካዊው ፓቬል ስቴሁሌ ፒኤልፒጂኤስኪውኤል ቼክ የተባለ ተጨማሪ መሣሪያ ሠራ፤ ፋንክሽኑን ሳያሠራ በውስጡ የተጠሩትን ሰንጠረዦችና ዓምዶች ያጣራል። በ2021 የወጣው 14ኛ እትም ደግሞ በኤስኪውኤል ለሚጻፉ ፋንክሽኖች ገና ሲፈጠሩ የሚመረመሩበትን አዲስ አጻጻፍ አመጣ።

መሣሪያው አለ፤ ግን የሚጠቀምበት ሰው ይፈልጋል። ስህተቱ ሲጻፍ ቢያዝ የሚከፈለው የአንድ ባለሙያ ጥቂት ደቂቃ ነው። ሥራ ላይ ሲፈነዳ ግን ዕዳውን የሚከፍለው ደመወዙን የሚጠብቀው ሠራተኛና ባንክ ቤት የተሰለፈው ደንበኛ ነው። ምርመራን ማስቀደም የኃላፊነት ጉዳይ የሚሆነውም ለዚህ ነው።