«ልብ ወለድ» የሚለውን ቃል ማን ሰጠን?

የዘንድሮው የአማርኛ ልብ ወለድ ታሪክ ኮርስ አለቀ። ተፈተንን፣ ማስታወሻዎቼ ካርቶን ውስጥ ገቡ፣ ውጤቱ ገና ነው። ፈተናው ላይ ያልመጣ አንድ ጥያቄ ግን አብሮኝ ቀርቷል፦ መጽሐፉን የወደደ አንባቢ የጸሐፊውን ሕይወት ምን ያድርገው?

ነገሩ የጀመረው ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው። በ1900 ዓ.ም ነጋድራስ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሮም ውስጥ አንዲት ትንሽ መጽሐፍ አሳተሙ። ርዕሷ «ልብ ወለድ ታሪክ» ነበር፤ ዛሬ ብዙዎቻችን የምናውቃት «ጦቢያ» በሚለው ስሟ ነው። ወንድሟን ፍለጋ የወንድ ልብስ ለብሳ የወጣች ልጅ ታሪክ ናት። የመጀመሪያዋ የአማርኛ ልብ ወለድ የታተመችው አዲስ አበባ ሳይሆን ሮም መሆኑ ራሱ ይገርማል። ከሁሉም የገረመኝ ግን ርዕሷ የዘርፉ መጠሪያ ሆኖ መቅረቱ ነው። ዛሬ መጻሕፍት መደብር ገብታችሁ «ልብ ወለድ አለ?» ስትሉ የምትጠቀሙት የዚያን መጽሐፍ ርዕስ ነው።

ከዚያ ደግሞ ሌላው ገጽ ይመጣል። አፈወርቅ በጦርነቱ ዋዜማ ሮም ላይ የኢትዮጵያ ተወካይ ነበሩ። ጣሊያን ወርሮ አዲስ አበባ ሲገባ ግን ከወራሪው ጎን ቆሙ። ከነጻነት በኋላ ጅማ ተግዘው እዚያው ሞቱ። ይህ ሲነገር አንድ የክፍላችን ልጅ እጁን አውጥቶ «ታዲያ ለምን እናነበዋለን?» አለ። ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ፤ ክርክሩ ካፌ ድረስ ተከተለን።

ያ ጦርነት በሌሎቹ ደራሲዎቻችን ሕይወትም አልፏል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም «አዲስ ዓለም»ን አሳተሙ። ፓሪስ ተምሮ የተመለሰው አወቀ ከአገሩ ልማድ ጋር ሲጋጭ ያነበብን ተማሪዎች፣ ከዘጠና ዓመት በፊት ስለኛ የተጻፈ ነው የመሰለን። ኅሩይ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተሰደው በ1931 ዓ.ም እንግሊዝ አገር አረፉ። ሀዲስ ዓለማየሁ ደግሞ ከራስ እምሩ ጋር ተማርከው ጣሊያን ውስጥ ለዓመታት ታሰሩ። «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጣው ከዚያ ሁሉ በኋላ፣ በ1958 ዓ.ም ነው። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከው ደግሞ ማንበብ የማይችለውም ሰው ጉዱ ካሳን አወቀው። አንድ ጦርነት ነው፤ አንዱ ከወራሪው ጋር አበረ፣ አንዱ ተሰደደ፣ አንዱ ታሰረ። እኛ ሦስቱንም በአንድ ሴሚስተር፣ በአንድ ጥራዝ ፎቶ ኮፒ አነበብናቸው።

የመጨረሻው ሳምንት የበዓሉ ግርማ ነበር። እዚህ ላይ ጥያቄው ይገለበጣል። በአፈወርቅ ጊዜ የምንጠይቀው ደራሲው አገሩን ምን አደረገ ብለን ነው። በበዓሉ ጊዜ ግን መንግሥት ደራሲውን ምን አደረገው እንላለን። «ኦሮማይ» በ1975 ዓ.ም ታተመ፤ ኤርትራ ውስጥ በተካሄደው የቀይ ኮከብ ዘመቻ ዙሪያ የሚያጠነጥን ልብ ወለድ ነው። መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፣ በዓሉ ከሥራው ተባረረ፣ የካቲት 1976 ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። «ልብ ወለድ ነው» ማለት አላዳነውም። መጽሐፉን ያተረፉት በድብቅ ያባዙትና ከእጅ ወደ እጅ ያዋዋሱት አንባቢዎች ናቸው።

እንግዲህ ለዚያ ልጅ ጥያቄ አሁን መልስ አለኝ። «ጦቢያ»ን መጣል አፈወርቅን አይቀጣም፤ ቋንቋችንን ነው የሚያጎድልብን። ቃሉም ከሳቸው እጅ ወጥቶ የሁላችን ሆኗል፤ በዓሉም የጻፈው በዚያው ስም ነው። ግን መጽሐፉን እያመሰገኑ የሰውየውን ታሪክ መደበቅም ውሸት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ይዞ ማንበብ ይከብዳል፤ እኔ ከኮርሱ ያገኘሁት ያን ክብደት መሸከምን ነው።

አሁን የሚያስገድደኝ ፈተና የለም። የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ» አንድ ሳምንት ብቻ ነበር የደረሰው፤ ክረምቱን ለሱ ሰጥቼዋለሁ። እናንተም ካነበባችሁት መቼ እንደታተመ ብቻ ሳይሆን፣ ማን በምን ዘመን እንደጻፈው ጠይቁ።