ጄኔሬተሩ መጣ፣ ግራውንዱ ቀረ

ወዳጆቼ፣ የቀድሞ ተማሪዎቼም፤ የጋይንቷ ቤተ ልሔም ስትነሣ ሁላችንም የምናስበው ድጓን ነው። ደቀ መዝሙር ከየአገሩ መጥቶ ድጓ የሚያስመሰክርባት ቦታ ናት። እዚያው ጋይንት ያለችው ዙር አባ ደግሞ የዝማሬና የመዋሥዕት ምስክር ናት። ዛሬ ግን የማወራችሁ ስለ ዜማው ሳይሆን ዜማውና ብራናው ስላሉበት ቤት፣ ስለ መብረቅና ስለ መሬት ነው።

መብረቅ የአብያተ ክርስቲያናታችን የቆየ ጠላት ነው። የጎንደሯ ደብረ ብርሃን ሥላሴ መጀመሪያ የተሠራችው በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን (1682–1706 እ.ኤ.አ.) ነው። የዛሬው ሕንፃ ግን ያኔ የተሠራው አይደለም፤ የፊተኛውን መብረቅ እንዳጠፋው ይነገራል። ከፍ ያለ ቦታ፣ የሣር ክዳን፣ ጉልላት ላይ የብረት መስቀል፤ እሳቱ በሰላም ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ ግን የለም። በ1752 እ.ኤ.አ. መብረቅ ኤሌክትሪክ መሆኑ በሙከራ ሲረጋገጥ፣ ቤንጃሚን ፍራንክሊን ያቀረበው መፍትሔም ይኸው መንገድ ነበር፤ ከጣሪያ በላይ ተነሥቶ መሬት ውስጥ የሚገባ ብረት።

ኤሌክትሪክ ወደ አገራችን የገባው በጄኔሬተር ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ቤተ መንግሥት። የውኃው ኃይል ኋላ መጣ፤ አባ ሳሙኤል በ1930ዎቹ፣ ጢስ ዓባይ በ1964 እ.ኤ.አ.። መስመር ያልደረሳቸው ብዙ ከተሞች ግን ለዓመታት የሚበራላቸው በመብራት ኃይል የናፍጣ ጣቢያ ነበር። ጣቢያው ጠባቂ ባለሙያ ነበረው። መስመሩ ሲደርስ ጄኔሬተር ዋናነቱ ቀርቶ መጠባበቂያ ሆነ፤ ወደ ሱቅ፣ ወደ ክሊኒክ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያን ገባ። ባለሙያው ግን አብሮት አልሄደም። ሶላሩና ኢንቨርተሩም የመጡት በዚሁ መንገድ ነው።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። ሽቦው ተልጦ የጄኔሬተሩን አካል ቢነካ፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት የግራውንድ ሽቦ ከሌለ ብሬከሩ አይወርድም። አካሉን ወይም ማይክራፎኑን የሚነካው ሰው መንገድ ይሆናል። የመሬት ዘንግ መትከል ብቻውንም አይበቃም፤ ዘንጉ፣ የጄኔሬተሩ አካልና የቤቱ ግራውንድ መያያዝ አለባቸው። ለጄኔሬተሩ አንድ፣ ለቤቱ ሌላ ዘንግ ተተክሎ ሁለቱ ካልተገናኙ፣ አቅራቢያ መብረቅ ሲወድቅ ልዩነቱ በመሣሪያው በኩል ያልፋል። የሰርጅ መከላከያም ቢሆን ትርፉን የሚጥልበት ግራውንድ ከሌለው ጌጥ ነው።

የደጋው መሬት ደግሞ ድንጋያማ ነው፤ በበጋ ይደርቃል። ደረቅ መሬት ኤሌክትሪክ አይቀበልም። ክረምት ላይ ተለክቶ "ጥሩ ነው" የተባለ ዘንግ ግንቦት ላይ ሊከዳ ይችላል፤ የመጀመሪያው ነጎድጓድ የሚመጣው ደግሞ አፈሩ ገና ሳይርስ ነው። ስለዚህ ልኩ በበጋ ይለካ።

ተማሪዎቼ፣ ብዙዎቻችሁ ዛሬ የኤሌክትሪክ ሙያተኞች ናችሁ። አገር ቤት ስትሄዱ የደብሩን ጄኔሬተር አንዴ እዩት። አንድ የመዳብ ዘንግ፣ ጥቂት ሜትር ሽቦ፣ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። የተቃጠለ ማጉያ በገንዘብ ይተካል፤ የተቃጠለ ብራናና ኤሌክትሪክ የያዘው ዲያቆን ግን አይተኩም።