ስምንት የተባለው ቁጥር ከየት መጣ?

ባለፈው ሴሚስተር አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል በዶርማችን ውስጥ እስከ እኩለ ሌሊት አነታረከችን። ቃሏ «ማይ» ናት። ሦስታችን ከሦስት ከተማ የመጣን ነን፤ ሦስታችንም የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት የጨረስነው በእንግሊዝኛ ነው። «ዚስ ኢዝ ማይ ቡክ» በሚለው ዐረፍተ ነገር ውስጥ «ማይ» ከየትኛው የንግግር ክፍል ናት ቢባል፣ አንዳችን ፕሮናውን አለ፣ ሁለተኛችን አድጄክቲቭ፣ ሦስተኛችን ደግሞ ዲተርሚነር። ሁሉም የድሮ ደብተሩን አወጣ፤ በሁሉም ደብተር ላይ የመምህሩ ራይት አለ! ከመካከላችን አንዱ ግን በዚህችው ቃል ሁለት ማርክ ተቆርጦበታል፤ እስከ ዛሬም ይቆጨዋል። «ያኛው ትምህርት ቤት ራይት ያደረገውን እኔ ስጽፍ ለምን ኤክስ ሆነ?» ነው የሚለው። ቀላል ጥያቄ መሰለንና ቤተ መጻሕፍት ገባን፤ ገብተን ግን ቶሎ አልወጣንም።

በመሠረቱ «ስምንቱ የንግግር ክፍሎች» እያልን የምንሸመድዳቸው ስሞች መጀመሪያ የተቆጠሩት ለእንግሊዝኛ አልነበረም። (ከዚህ በታች «ዓ.ም.» ካላልን በቀር ዓመቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።) የግሪኩ ፕላቶ ንግግርን የከፈለው በሁለት ብቻ ነው፤ ስም፣ እና ስለ ስሙ የሚነገረው። አሪስቶትል አያያዥ ቃላትን ጨመረ። ከክርስቶስ ልደት በፊት 100 ዓመት ገደማ ላይ ስንደርስ፣ በእስክንድርያ በተማረው በዲዮኒስዮስ ትራክስ ስም የሚታወቅ አንድ ቀጭን መጽሐፍ እናገኛለን። ስምንት የሚለው ዝርዝር እዚህ አለ፤ ናውን፣ ቨርብ፣ ፓርቲሲፕል፣ አርቲክል፣ ፕሮናውን፣ ፕሪፖዚሽን፣ አድቨርብ፣ ኮንጃንክሽን። ልብ በሉ፣ አድጄክቲቭ የለም! በግሪክኛ ቅጽል እንደ ስም ስለሚረባ ከስም ጋር ተቆጠረ። ኢንተርጄክሽንም ለብቻው አልቆመም፤ አድቨርብ ሥር ነው ያለው።

ነገሩ ወደ ሮም ሲሻገር ደግሞ ሌላ ጉድ መጣ። ላቲን እንደ እንግሊዝኛው «ዘ» ያለ አርቲክል የለውም። ታዲያ አንዱ ሲጎድል ሰባት መሆን አልነበረበትም? አልሆነም። የሮም መምህራን ኢንተርጄክሽንን ከአድቨርብ ሥር አውጥተው ራሱን የቻለ ክፍል አደረጉት፤ ቁጥሩም እንደገና ስምንት ሆነ። በጎደለው ወንበር ሌላ ሰው እንደ ማስቀመጥ ነው። እዚህ ላይ ስንደርስ ሳቃችንን መያዝ አቅቶን የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ተቆጡን።

ይህን ዝርዝር በአውሮፓ ልጆች አእምሮ ውስጥ የተከለው ዶናቱስ ነው። በ4ኛው መቶ ዓመት በሮም ያስተምር የነበረ ሰው ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ላቲን የመለሰው ጄሮም ተማሪው ነበር። ትንሿ መጽሐፉ በጥያቄና መልስ የተጻፈች ናት፤ ገና ሲጀመር ልጁ የንግግር ክፍል ስንት እንደሆነ ይጠየቃል፣ ስምንት ብሎ ይመልሳል። በመካከለኛው ዘመን በሙሉ ልጆች በቃላቸው ወጧት። ቅኔ ቤት ገብቶ ግስ ያወረደ ጓደኛ ያላችሁ፣ የዚህ ዓይነቱን ጥናት ታውቁታላችሁ። ከዶናቱስ በኋላ በቁስጥንጥንያ ያስተምር የነበረው ፕሪሺያን 18 ክፍል ያለው ትልቅ ሰዋስው ጻፈ፤ እሱም ስምንቱን አልነካም።

እንግሊዝ አገር ግን የወደድነው አንድ ሰው አገኘን። በ1000 ዓመት አካባቢ ኤልፍሪክ የሚባል መነኩሴ ለልጆች የላቲን ሰዋስው በእንግሊዝኛ ጻፈ። የክፍሎቹንም ስም ወደ አገሩ ቋንቋ መለሰ። ናውንን «ናማ» ማለትም ስም አለው፤ ቨርብን «ዎርድ»፣ ቃል፤ ፕሮናውንን የስም ምትክ፤ አድቨርብን የቃል ጓደኛ! ከ1066ቱ የኖርማኖች ወረራ በኋላ ግን የእንግሊዝኛ ጽሕፈት ስፍራውን ለላቲንና ለፈረንሳይኛ ለቀቀ፤ የኤልፍሪክም ስሞች ቀሩ። ስለዚህ የዛሬ እንግሊዛዊ ልጅ «ናውን» ሲባል በውስጡ ስም የሚል ቃል አይሰማውም፤ ላቲን ካልተማረ ባዶ ድምፅ ነው። እኛ በአማርኛ «ስም» ስንል ግን ወዲያው ይሰማናል። «ተውላጠ ስም» የስም ለውጥ፣ «ተውሳከ ግስ» የግስ ጭማሪ መሆኑም ግእዝ ለሚያውቅ አይሰወርም። በዚህ እንኳ ዕድለኞች ነን።

ዊልያም ቡሎካር በ1586 ስለ እንግሊዝኛ የመጀመሪያውን የታተመ ሰዋስው ሲያወጣ፣ እንግሊዝኛ ሕግ የሌለው ተራ ቋንቋ ነው የሚሉትን ሊያሳፍር ነበር። የተከራከረው ግን በላቲን ልብስ ነው፤ ስምንቱን ክፍሎች እንዳሉ ወሰደ። ቤን ጆንሰን፣ ከሞተ በኋላ በ1640 በታተመው ሰዋስው፣ አርቲክልን ዘጠነኛ አድርጎ ጨመረ። ጆን ዋሊስ በ1653 ሰዎች እንግሊዝኛን በላቲን ቅርጽ ያጨናንቁታል ብሎ ወቀሰ፤ ወቀሳውን የጻፈው ግን በላቲን ነው!

አድጄክቲቭ ከናውን ተለይቶ የራሱን ስፍራ ያገኘው በ18ኛው መቶ ዓመት ነው። በ1761 ጆሴፍ ፕሪስትሊ፣ በ1762 ሮበርት ላውዝ ለብቻው ቆጠሩት፤ ፓርቲሲፕል ደግሞ ወደ ቨርብ ተመለሰ። በ1795 አሜሪካ ተወልዶ በዮርክ አጠገብ ይኖር የነበረው ሊንድሊ መሪ፣ ለአንድ የሴቶች ትምህርት ቤት ብሎ ባዘጋጀው መጽሐፍ ዘጠኝ ክፍሎችን አስተማረ። መጽሐፉ ለብዙ ዘመን ከእጅ አልወጣም።

አሁን ወደ «ማይ» እንመለስ። የላቲኑ «ሜዉስ» (የእኔ) በጥንቱ ሰዋስው ፕሮናውን ተብሎ ተቆጥሯል፤ ነገር ግን እንደ ቅጽል ከስሙ ጋር በጾታና በቁጥር ይስማማል። ስለዚህ የኋላ መምህራን ከፊሉ ፕሮናውን፣ ከፊሉ አድጄክቲቭ ቢሉት አያስደንቅም። የእንግሊዝኛው «ማይ» ግን ከምንም ጋር አይስማማም፤ አንድ መጽሐፍም ሆነ መቶ መጽሐፍ ያው «ማይ» ነው። ደግሞ «ዘ ቢግ ቡክ» ይባላል፤ «ዘ ማይ ቡክ» ግን አይባልም። «ማይ» የምትቀመጠው በ«ዘ» ወንበር ላይ ነውና ሁለቱ አብረው አይቀመጡም። ዲተርሚነር የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው፤ ብሉምፊልድ በ1933 በመጽሐፉ ተጠቅሞበታል። ቻርልስ ፍሪስ ደግሞ 50 ሰዓት ያህል የተቀዳ ንግግር አዳምጦ፣ በ1952 የድሮዎቹን ስሞች ወዲያ ጣለና አራት የቃል ክፍሎችና 15 የአገልጋይ ቃላት ቡድኖች አወጣ። የቆጠረው የሰማውን ነው። አንዳንዱ ሰው ፍሪስ አበዛው ይላል፤ እኛ ግን ጆሮውን ማመኑን ወደድንለት።

እንግዲህ የጓደኛችን ሁለት ማርክ የተቆረጠው እንግሊዝኛ ስላላወቀ አልነበረም። የሁለት ሺህ ዓመት ዝርዝር ሲዘዋወር፣ እሱ አንደኛው ፌርማታ ላይ ቆሞ ፈታኙ ሌላኛው ላይ ቆሞ ነበር። ይህን ስንነግረው፣ «እሺ፣ ማርኬን ማን ይመልስልኛል?» አለን። መልስ አልነበረንም።

በሳምንቱ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ የምናስጠናት የዘጠነኛ ክፍል ልጅ ይህንኑ ጥያቄ ይዛ መጣች። የሰማነውን ሁሉ ተረክንላት። ዝም ብላ ሰማችንና፣ «ጋሼ፣ ለሰኞ ምን ልጻፍ?» አለች። መማሪያ መጽሐፏን ገልጠን አየን፤ አድጄክቲቭ ይላል። አድጄክቲቭ ብለሽ ጻፊ አልናት። ጻፈችና ብዕሯን ሳታስቀምጥ፣ «በአማርኛስ? ‹መጽሐፌ› ስል ‹ማይ› የቱ ጋ ነው ያለው?» አለችን። ለካ እኛ ዘንድ «ፌ» ላይ ያለችው ድምፅ ብቻ ናት፤ ቃል እንኳ አይደለችም። ብላታ መርስዔ ኀዘን ወልደ ቂርቆስ የአማርኛን ቃላት በስምንት ከፍለው ነበር፤ ባዬ ይማም ደግሞ በ1987 ዓ.ም. በአምስት። የሚቀጥለውን ቅዳሜ ሁለቱን መጻሕፍት ይዘን እንጠብቃታለን።